ያልገቡበት ሰፈር ለቅሶ

አቶ ብሩ የቤት መግዣ ቀብድ ሊከፍሉ በቀጠሩበት ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋቸው ሲነሡ፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጥሩወርቅን ጥቁር ቀሚስ ለብሰው፣ ጥቁር ሻሽ አስረውና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ አጠገብ ቆመው አገኟቸው። ደነገጡ። ቤሌ ያሉትን ዘመዶች ከታላቅ እስከ ታናሽ በሐሳባቸው አንድ በአንድ አለፉባቸው፤ ሐዋሳ ያለችውን ልጃቸውን እየሩስን አሰቡ፤ ስልካቸው ሌሊቱን ሙሉ አለመጥራቱን ሲያስታውሱ ግን ጥቂት ተረጋጉ።

«ማን ሞተ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ጎረቤታችን።»

አቶ ብሩ መስኮቱን ከፍተው ተመለከቱ። ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጣው ሾፌር፣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ በፍጹም ጤንነት ጥርሱን ይፍቃል። ሲያያቸውም እጁን አንሥቶ ሰላምታ ሰጣቸው።

«የዚህ ቤት ጎረቤታችን አይደለም» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ነገሩ ለማንም ግልጽ እንደ ሆነ ሁሉ። «የዚያኛው ነው። የምንገዛው ቤት።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ትናንት አመሻሽ ላይ ባልና ሚስቱ የሚገዙትን ቤት ለሦስተኛ ጊዜ ሊያዩ ሲሄዱ፣ ከአጥሩ ማዶ ሰዎች የለቅሶ ድንኳን ሲተክሉ አይተዋል። ቤቱን የሚሸጥላቸው ወጣት፣ ይድነቃቸው፣ ወደዚያ ዘወር ብሎ ሳያይ «አንድ ሽማግሌ ሞቶ ነው መሰለኝ» ካለ በኋላ ስለ ውኃ ታንከሩ ማስረዳቱን ቀጠለ። አቶ ብሩም ስለ ውኃ ታንከሩ ሰሙ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን የሰሙት ከአጥሩ ማዶ የሚመጣውን ልቅሶ ነበር፤ ሌሊቱን ሲገላበጡ ያደሩትም በዚሁ ምክንያት መሆኑን አሁን ተናገሩ። በእርሳቸው አስተያየት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዕቃቸውን ጭነው ወደዚያ ሰፈር ሲገቡ የመጀመሪያዋ ጎረቤታቸው የሟቹ ሚስት ናት፤ ያቺ ሴት ደግሞ በሐዘኗ ቀን ማን መጥቶ ማን እንደ ቀረ ዕድሜዋን ሙሉ ታስታውሳለች። ነገ ወንፊት ልዋስ ብለው በሯን ሊያንኳኩ በምን ፊታቸው ነው? አቶ ብሩ ቤቱ ገና እንዳልተገዛ፣ ቀብዱም እንዳልተከፈለ፣ ሰው ገና ባልገባበት ሰፈር ለቅሶ ሲደርስ አይተው እንደማያውቁ በዝግታ አስረዱ። ይድነቃቸው ከጎረቤት ጋር እንዳይነጋገሩ አጥብቆ መለመኑንም አስታወሷቸው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሁሉንም በትዕግሥት አዳመጡና፣ ቀጠሮው ስድስት ሰዓት እንደ ሆነ፣ አሁን ገና ሁለት ሰዓት ተኩል መሆኑን፣ እስከዚያ በዚህች ክፍል ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲንቆራጠጡ ከማየት ለቅሶ ቤት መዋል እንደሚሻላቸው ነገሯቸው። ክርክሩ በዚህ አበቃ።

ክፍሏ በእርግጥ ለመንቆራጠጥ የምትመች አልነበረችም። ከበሩ እስከ ቁምሳጥኑ አራት እርምጃ፣ ከቁምሳጥኑ እስከ አልጋው ደግሞ አንድ እርምጃ ከግማሽ ነው። ኪራይዋ አምና አራት ሺህ ብር ነበር፤ ዘንድሮ ስድስት ሺህ ሆኗል፤ ከመስከረም ጀምሮ ስምንት ሺህ እንደሚሆን አከራዩ በፈገግታ አስታውቋል። አቶ ብሩ ሠላሳ ስምንት ዓመት በመዝገብ ቤት ሠራተኝነት በቤሌ፣ በበዴሳና በወላይታ ሶዶ አገልግለው፣ የሰውን ሁሉ ጉዳይ በፋይል ሲያስሩ ኖረው፣ የራሳቸው የሆነ ጣራ ሳይኖራቸው ጡረታ ወጡ። አሁን ግን የወይዘሮ ጥሩወርቅ የክር ሱቅ ተሽጦ፣ የጡረታው ቁጠባም ተጨምሮ ሁለት መቶ ሺህ ብር ሞልቷል። ቀሪውን ልጃቸው ዘሩባቤል ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት ተበድሮ ሊሞላላቸው ተስማምቷል። እንግዲህ ያላቸው ሁሉ ይህ ሁለት መቶ ሺህ ብር ነው፤ ዛሬ በስድስት ሰዓትም ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለ ጭማቂ ቤት ውስጥ ከእጃቸው ይወጣል። ይድነቃቸው ገንዘቡ በባንክ ከተላለፈ ግብሩ ይበዛል ስላላቸው አቶ ብሩ ከባንክ በጥቂት በጥቂቱ አውጥተውታል። ሁሉም የሁለት መቶ ብር ኖት ነው፤ ሲመዘን አንድ ኪሎ ይሆናል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሌባ እንዳይጠረጥር በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልለው፣ አራት ማዕዘኑን በመዳፋቸው አለስልሰው፣ በጥቁር ፌስታል ሲያደርጉት ማንም ሰው አንድ ኪሎ ስኳር ነው ከማለት በቀር ሌላ አይልም ነበር።

ስለ ይድነቃቸው መናገር ቢያስፈልግ፣ አቶ ብሩ በዚህ ዘመን እንደ እርሱ ያለ ሥርዓት ያለው ወጣት አላዩም። ሽማግሌ ሲመጣ ከመቀመጫው ይነሣል፤ ትከሻ ይስማል፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ ይሳለማል። ከእርሱ ጋር ያገናኛቸው ዳልጮ የተባለ፣ ባጃጅ እየነዳ በጎን ቤት የሚያሻሽጥ ደላላ ነው። ቤቱ የይድነቃቸው እናት ነው ተባለ። እናቲቱ በኩላሊት ሕመም አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ቤቱ የሚሸጠው ለሕክምናቸው ነው፤ ዋጋው በጣም የረከሰውም ስለዚህ ነው፤ ለልጃቸውም ውክልና ሰጥተውታል። የይዞታ ማረጋገጫውን ቅጂ በላስቲክ ተሸፍኖ አሳይቷቸዋል፤ ዋናው በባንክ ሣጥን ውስጥ ነው ብሏል። አቶ ብሩ መነጽራቸውን አድርገው ማኅተሙን መረመሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማኅተም ሲያዩ ስለ ኖሩ ማኅተሙ እውነተኛ መሆኑን ወዲያው ዐወቁ፤ በዚህም ልባቸው ረካ። እየሩስ ነገሩን በስልክ ስትሰማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ቅጂው ላይ ያለውን ቁጥር ይዘው ማዘጋጃ ቤት ሄደው እንዲያጣሩ። አቶ ብሩ ተቀየሙ። ትከሻቸውን የሳመ፣ እናቱ የታመመችበትን ልጅ እንዳላመኑት ሁሉ ማስረጃ ፍለጋ ከኋላው መሄድ ለእርሳቸው ነውር ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አባትና ልጅ ሲደዋወሉ የሚነጋገሩት ሐዋሳ መዝነቡንና ሶዶ አለመዝነቡን ብቻ ነው። እርሱም ሲያልቅ ሁለቱም ዝም ብለው የሌላውን ትንፋሽ ያዳምጣሉ።

ባልና ሚስቱ በአራት ሰዓት ገደማ ወጡ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ አምስት ዳቦ በነጭ ፌስታል ይዘዋል፤ አቶ ብሩ ጥቁሩን ፌስታል ይዘዋል። የባጃጁ ልጅ ወደ ዳሞታ ግርጌ ለሚወስደው መንገድ ኮንትራት መቶ ሃያ ብር ጠየቀ፤ ጥቁሩን ልብስ ሲያይ ግን ወደ መቶ ብር አወረደው። ተራራው እስከ ግማሹ ድረስ ጉም ለብሷል። የኮብልስቶኑ መንገድ ባበቃበት ቦታ ቀዩ ጭቃ ጀመረና ባጃጁ ሦስት ጊዜ ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ በሦስቱም ጊዜ አቶ ብሩ የያዙት የባጃጁን ብረት ሳይሆን ፌስታሉን ነበር።

ከድንኳኑ አፍ ላይ እንደ ደረሱ፣ ለቅሶ ቤት የምታስተናግድ ክብረት የተባለች ጠንካራ ሴት ፈጥና መጣች። ለቅሶ የሚደርስን ሰው ያመጣውን እንደ ያዘ ማቆም ለቤቱ ነውር ነው። ስለዚህ የወይዘሮ ጥሩወርቅን ነጭ ፌስታል በግራ እጇ፣ የአቶ ብሩን ጥቁር ፌስታል በቀኝ እጇ ተቀበለች። አቶ ብሩ ለአንድ አፍታ አልለቀቁም። ክብረት ይህን እንደ ትሕትና ቈጠረችው። «ተባረኩ፣ አባቴ። ስኳሩ ደግሞ አልቆብን ነበር» አለችና ለስለስ ባለ ጉልበት ወስዳው ወደ ጓሮ ሄደች። አቶ ብሩ አፋቸውን ከፈቱ። ሐዘንተኞች ባሉበት፣ ሃምሳ ሰው በሚያየው ስፍራ፣ «ያመጣሁትን መልሺልኝ» የሚል ቃል ከአንድ ሽበታም ሰው አፍ እንዴት ይወጣል? አፋቸውን መልሰው ዘጉ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሆነውን አላዩም፤ ጫማቸው ላይ የያዘውን ጭቃ ሲጠርጉ ነበር፤ ከዚያም ቀጥ ብለው ወደ ሴቶቹ ወገን ገቡ።

ወንዶቹ ከአግዳሚው ወንበር ላይ ብድግ እያሉ ቦታ ለቀቁላቸው፤ አንዳንዱ በወላይትኛ «ሳሮ» እያለ፣ ሌላው በአማርኛ «እግዜር ይስጥልን» እያለ ተቀበላቸው። አቶ ብሩ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ተቀመጡ። ከፊታቸው የተቀቀለ የቦዬ ሥር ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር ቀረበ፤ ንፍሮም ዞረ። ከሰዎቹ ጋር የሚገባውን ያህል አዝነው ለመቀመጥ አስበው ነበር፤ አሁን ግን ሐዘናቸው ከሐዘንተኞቹም በለጠ። ወደ ጓሮ ሄደው ፌስታሉን መፈለግ አይችሉም፤ የሴቶቹ ድስት ባለበት እንግዳ ወንድ ምን ይሠራል? በሐሳባቸው ክብረት ጋዜጣውን ስትቀድ፣ ማንኪያዋን ስታገባ፣ ለሃምሳ ሰው በሚፈላ የሻይ ድስት ውስጥ የክር ሱቁን ስትገለብጥ ታየቻቸው። ከሴቶቹ ወገን የተቀመጡትን ባለቤታቸውን በዐይናቸው ፈለጉ፤ ሲያገኟቸውም በቅንድባቸው ወደ ጓሮው ጠቆሙ፤ ደግመው ጠቆሙ፤ ከንፈራቸውንም ነከሱ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ባለቤታቸው በማያውቁት ሰው ሞት ይህን ያህል መነካታቸውን ሲያዩ ልባቸው ራራ፤ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠርገው፣ ከጎናቸው ለተቀመጡት አሮጊትም አንድ ነገር በጆሯቸው ተናገሩ። አሮጊቷም ወደ አቶ ብሩ እያዩ በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ።

በዚህ ሁኔታ ከአንድ ሰዓት በላይ አለፈ። ሻዩ ዞረ። አቶ ብሩ የመጀመሪያውን ፉት ሲሉ በፍርሃት ቀመሱት፤ ጣፋጭ ነበር፤ ይህም ሌላ ስኳር እንደ ነበረ ስላረጋገጠላቸው ሲኒውን እስከ ታች ጠጡት። በወዲያኛው በኩል መዝሙር ተጀመረ። ከጎናቸው የተቀመጡት የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ፍቅሬ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ጠይም፣ ስለ ሁሉም ሰው ማወቅን እንደ ሥራቸው የሚቈጥሩ ሰው ናቸው። መዝሙሩ ሲያበቃ ወደ አቶ ብሩ ዘንበል ብለው ሟቹን፣ አቶ ቦሼን፣ ከየት እንደሚያውቋቸው በትሕትና ጠየቁ። አቶ ብሩ የሟቹን ስም የሰሙት ያን ጊዜ ነው።

«ጎረቤት ነን» አሉ፤ ወዲያውም ሕሊናቸው ስለ ወቀሳቸው «ልንሆን ነው» ሲሉ ጨመሩ።

«የት ነው የምትገቡት?»

«እዚሁ። ከአጥሩ ማዶ።»

«አሃ፣ የተከራዩ አባት ነዎት» አሉ አቶ ፍቅሬ፤ ፊታቸውም ጥቂት ቀዘቀዘ። ከዚያ፣ አባት ፊት ልጅን ማማት ደስ እንደማይላቸው ከገለጹ በኋላ፣ አሙት። ልጁ ከገባ ሁለት ወሩ ነው። ከሰው አይገናኝም። አቶ ቦሼ አንድ ወር ሙሉ ሲታመሙ አልጠየቀም። ትናንት ድንኳን ሲተከል የአንዱን ጥግ ገመድ በእርሱ አጥር ላይ ማሰር ቢፈልጉ ከለከላቸው። በሠላሳ ዓመት የእድር ታሪክ የድንኳን ገመድ የከለከለ ሰው አይተው አያውቁም፤ አቶ ብሩ አባት እንደ መሆናቸው ቢመክሩት መልካም ነው።

አቶ ብሩ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሰሙት አንዲቱን ቃል ብቻ ነበር።

«ተከራይ ነው ያሉኝ?»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ቤቱ የእናቱ አይደለም?»

አቶ ፍቅሬ ለረዥም ጊዜ ተመለከቷቸው። የእርሳቸው ፊት የተለየ ነገር ሲያይ የማይቸኩል ፊት ነበር። በመጨረሻ በአገጫቸው ወደ ሴቶቹ ወገን አመለከቱ። የቤቱ ባለቤት እማማ አሳየሽ፣ ያውና፣ ጥቁር ሻሽ ካሰሩት ሴትዮ አጠገብ ተቀምጠዋል አሉ። ቤቱን አከራይተው በዴሳ ከሴት ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት፤ ከአቶ ቦሼ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ጎረቤት ስለ ነበሩ ትናንት ለቀብሩ መጥተው እዚሁ ለቅሶው ቤት አድረዋል። ጥቁር ሻሽ ያሰሩት ሴትዮ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነበሩ። ሁለቱ ሴቶች አንድ ሳህን ንፍሮ መካከላቸው አስቀምጠው፣ ባቄላውን ለአሮጊቷ፣ ስንዴውን ለወይዘሮ ጥሩወርቅ እያካፈሉ ይበላሉ።

በዚሁ ቅጽበት የአቶ ብሩ ስልክ ኪሳቸው ውስጥ ጮኸ። ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ይድነቃቸው ነበር። አላነሡትም። ስልኩ እስኪያበቃ ጠበቁ፤ በድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚያያቸው መሰላቸው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ከጠረጴዛቸው ማዶ «አላወቅሁም ነበር» እያሉ ይቆሙ የነበሩት ባለ ጉዳዮች ትዝ አሏቸው። ያን ጊዜ እነዚያን ሰዎች በልባቸው ምን ይሏቸው እንደ ነበርም ትዝ አላቸው። ከዚያ በኋላ፣ ለእርሳቸው በጣም አስቸጋሪ የሆነውን ነገር አደረጉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እውነቱን ተናገሩ።

«ቤቱን ልንገዛው ነበር። ከእርሱ።»

በአግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎች ወደ እርሳቸው ዞሩ። ከመካከላቸው አንዱ ከፍለው እንደ ሆነ ጠየቀ።

«አልከፈልሁም» አሉ አቶ ብሩ። «ቀብዱ… ስኳር ተብሎ ጓሮ ገብቷል።»

ይህን ለማስረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደ፤ ምክንያቱም የሰማው ሰው ሁሉ እንደገና እንዲናገሩት ይፈልግ ነበር፤ አማርኛ በደንብ ለማይሰሙ ሽማግሌም አንዱ በወላይትኛ ተረጐመላቸው፤ ሽማግሌው ራሳቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ለቅሶ ቤት መሆኑን የዘነጋ አልነበረም፤ ሁሉም ወደ መሬት ተመለከተ። አቶ ፍቅሬ ብቻ ሳይስቁ ተነሡና ወደ ጓሮ ሄዱ። ሲመለሱ ክብረት ከኋላቸው ነበረች፤ ጥቁሩን ፌስታል እንደ ሕፃን ታቅፋለች። ጋዜጣውን ገና በአንድ በኩል እንደ ቀደደች ውስጡን አይታ ደንግጣ ነበር። ማን እንዳመጣው ታውቃለች፤ ነገር ግን ሽማግሌውን በሰው ፊት ጠርታ ማሳፈር ከበዳት። ለሌላ ሰው አደራ መስጠትም ፈራች። ስለዚህ ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ በላዩ ላይ በርጩማ ደፍታ፣ በበርጩማው ላይ ተቀመጠች። ውኃ አምጪ ቢሏት እግሬን አሞኛል አለች። ቦዬው አረረ ቢሏት ይረር አለች። «አንድ ሰዓት ሙሉ አልተነሣሁም፣ አባቴ» አለች። «ምነው ብትጠሩኝ?» አቶ ብሩ ፌስታሉን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት፤ ማመስገኛ ቃል ፈልገው ስላጡ የእጇን ጀርባ ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ እርሷ ግን ቀድማ ጉልበታቸውን ሳመች።

እማማ አሳየሽ ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ኋላ ሲገባቸው ግን ከሁሉም ሰው ቀድመው ገባቸው። ከሦስት ሳምንት በፊት ተከራዩ በዴሳ ድረስ መጥቶ፣ መብራት ቆጣሪ ለማስቀየር ነው ብሎ የይዞታ ማረጋገጫውን ቅጂ ከእጃቸው ወስዷል። ዋናው ዛሬም በልጃቸው ቤት በሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት አለ። ስለዚህ አቶ ብሩ በመነጽር የመረመሩት ማኅተም እውነተኛ ነበር፤ ሐሰተኛው ማኅተሙን የያዘው እጅ ነበር። እማማ አሳየሽ ወንድ ልጅ ወልደው አያውቁም። ለማንም ውክልና አልሰጡም። ቤቱንም የመሸጥ ሐሳብ የላቸውም።

«እኔ ነኝ እንግዲህ አዲስ አበባ አልጋ ላይ የተኛሁት» አሉ፣ አንድ ፍሬ ባቄላ እየላጡ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፊታቸው በኀፍረት ቀላ። «በየእሑዱ ጧፍ ሳበራልዎት ነበር፣ እናቴ። ለኩላሊትዎ።»

«ኩላሊቴ ደኅና ነው። ጉልበቴን ነው የሚያመኝ።»

«እንግዲያስ ለጉልበትዎ ይሁንልዎ።»

«አሜን። ለመሆኑ የቤቱን ዋጋ ስንት አላችሁ?»

አቶ ብሩ አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ብር መሆኑን ተናገሩ። እማማ አሳየሽ ባቄላውን ሳህኑ ላይ መለሱት። ስለ ማጭበርበሩ ሲሰሙ ያላዘኑትን ያህል አሁን አዘኑ።

«በሩን ብቻ ነው ወይስ ከነግቢው?» ሲሉ ጠየቁ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አቶ ፍቅሬ እንዲያነሡት በዐይናቸው ምልክት ሰጡ። የይድነቃቸው ድምፅ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር፤ ጋሼ የት ደረሱ አለ፣ ሌላ ገዢ እየጠበቀ መሆኑን፣ እርሱ ግን ለጋሼ ካለው አክብሮት የተነሣ ሰውየውን እስከ አሁን እንዳቆመው ነገራቸው። አቶ ብሩ ለቅሶ ላይ መሆናቸውን አስታወቁት። ማን እንደ ሞተ ጠየቀ።

«አቶ ቦሼ። ያንተ ጎረቤት» አሉ አቶ ብሩ። «እናትህም እዚሁ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ደኅና ናቸው፤ ንፍሮ እየበሉ ነው። ላገናኝህ?»

በስልኩ ውስጥ የመናኸሪያው ጥሩንባ ለጥቂት ጊዜ ተሰማ፤ ከዚያ እርሱም ተቋረጠ። አቶ ፍቅሬ ሁለት ሰዎች ይዘው ወደ ማዶው ቤት ሲሄዱ በሩ ተቆልፎ አገኙት። በመስኮቱ ሲያዩ አንድ ፍራሽና አንድ የፕላስቲክ ወንበር ብቻ ነበር። ወደ ፖሊስ ደወሉ፤ እማማ አሳየሽ ሰኞ ጠዋት ዋናውን ማስረጃ ይዘው እንዲመጡም ተነገራቸው። አቶ ፍቅሬ ከአጥሩ ሲመለሱ የድንኳኑን ገመድ ይዘው በዚያው አጥር ላይ ጥብቅ አድርገው አሰሩት። ድንኳኑ በዚያ ጥግ ተቃንቶ ቆመ።

አቶ ብሩ ከድንኳኑ ወጥተው እየሩስ ዘንድ ደወሉ። ሐዋሳ ዘንቦ እንደ ሆነ ጠየቁ፤ ዘንቧል። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ዝም አሉ፤ እርሷም ዝም አለች። በመጨረሻ፣ ቀብዱን አለመክፈላቸውን፣ ገንዘቡም በእጃቸው መሆኑን፣ ከእንግዲህ ቤት ሲያዩ ባለቤቱን ይዘው አስቀድመው ማዘጋጃ ቤት እንደሚሄዱ ነገሯት። ምክንያቱን አልጠየቀችም። «እሺ፣ አባዬ» አለች፤ ድምፅዋም ከሦስት ሳምንት በፊት የነበረው ድምፅ ነበር። ወይዘሮ ጥሩወርቅን ደግሞ ነገሩን ገና ትናንት ጠርጥረው እንደ ሆነ ጠየቋቸው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ አልጠረጠርሁም አሉ። ትናንት ማታ ያሳሰባቸው ሌላ ነገር ነበር፤ ልጁ «አንድ ሽማግሌ» አለ እንጂ የሟቹን ስም አልጠራም። ሰው እንዴት ከአጥሩ ማዶ ያለውን ሰው ስም ሳያውቅ ያድጋል ብለው እያሰቡ እንቅልፍ አጡ።

ሰባት ሰዓት ሲሆን አንድ ባጃጅ ከጭቃው ጋር እየታገለ መጣና በማዶው ቤት ደጅ ላይ ቆመ። የሚነዳው ዳልጮ ነበር። ከኋላ የወረደችው ሃያ ስምንት ዓመት የሚሆናት ሴት ናት፤ ዩኒቨርሲቲው በቅርቡ ከሰሜን ያመጣት መምህርት ናት፤ ስሟ ሩታ መሆኑን ከባጅዋ ላይ ማንበብ ይቻላል። ዳልጮ አቶ ብሩን ሲያይ ደነገጠ፤ እርሳቸው ገዝተው ጨርሰዋል ብሎ የገመተ ይመስላል፤ ከዚያ ይድነቃቸው ስልኩን እንደ ዘጋበት፣ ቤቱን ግን ለሩታ ሊያሳያት ቃል እንደ ገባ ተናገረ። አቶ ፍቅሬ ከድንኳኑ ሆነው የማንን ቤት እንደሚያሻሽጥ ጮክ ብለው ጠየቁት። ዳልጮ ደላላ መሆኑን እንጂ ዳኛ አለመሆኑን መለሰ፤ ድምፁ ግን ባጃጁን ወደ ኋላ ለመመለስ ከወዲሁ የቸኮለ ሰው ድምፅ ነበር።

አቶ ብሩ ወጣቷን አዩ። የእጅ ቦርሳዋን በደረቷ ላይ በሁለት ክንዷ አቅፋ ይዛለች፤ አያያዙን ዐወቁት። ጠዋት ከባጃጁ ውስጥ እርሳቸው እንዲሁ ነበሩ። ወደ እርሷ ሊሄዱ ተነሡና መንገድ ላይ ቆሙ፤ የማያውቋትን የሰው ልጅ ምን ብለው ይጀምሯታል? ወደ ድንኳኑም መለስ ብለው አዩ፤ ከዚያ ወደፊት ሄዱ።

«ልጄ» አሉ፣ «የቤቱ ባለቤት እዚህ ድንኳን ውስጥ ናቸው። ግቢና ለቅሶ ድረሺ፤ ከዚያ እርሳቸውን ጠይቂ።»

ወጣቷ ግራ ገባት። ሟቹን እንደማታውቃቸው ተናገረች።

«እኔም አላውቃቸውም ነበር» አሉ አቶ ብሩ። «ግቢ። ቦርሳሽን ግን ለማንም እንዳትሰጪ።»